ብርቅዬው ዘንባባና ጎረቤቶቹ

የጅቡቲ ከተማ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ይበልጡን የምትታወቀው በወደቧና በባቡር ሐዲዷ ነው። ይሁን እንጂ በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር አትክልት ይለማል፤ ተምርም ይበቅላል። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በጎዳ ተራሮች በሚገኘው በባንኳሌ ሸለቆ ደግሞ ከተምር እጅግ የሚበልጥ ብርቅ የሆነ ሌላ ዘንባባ አለ። ይህ ዛፍ ከጅቡቲ ሌላ በተፈጥሮ የሚበቅለው በሶማሊያና በየመን ብቻ ነው። ግንዱ ለቤት መሥሪያ ይቆረጣል፤ ችግኙንም ከብት ይበላዋል።

ዛፉን ከጥፋት ለማዳን በከተማ የአትክልት ቦታ መትከል ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ የሚለቀመው ፍሬ ምን ዓይነት ዛፍ ያበቅላል?

መልሱ እንደ ጎረቤቶቹ ነው። የተምር ቅጠል እንደ ላባ፣ የባንኳሌው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው፤ ዝምድናቸው የራቀ ስለሆነም አይዳቀሉም። በአንጻሩ ተምር በኢትዮጵያ ወንዞች ዳር ከሚበቅለውና ምእመናን በሆሣዕና ከሚይዙት ዘንባባ ጋር የቅርብ ዘመድ ነውና በቀላሉ ይዳቀላል። የባንኳሌው ዘንባባም በብዙ አገር ለጌጥ የሚተከል ዘመድ አለው፤ ይኸውም የቻይና ዘንባባ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢተከሉ የዘሩን ንጽሕና ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

ጉዳቱ የሚከብደው በቁጥር ጥቂት በሆነው ዝርያ ላይ ነው። አምስት ብርቅዬ ዛፎች በአንድ ሺህ ተራ ዘመዶቻቸው መካከል ቢቆሙ፣ ወደ አበባቸው የሚደርሰው ብናኝ አብዛኛው የባዕድ ይሆናል። ድቅሉም መልሶ ከብዙኃኑ ጋር ሲዳቀል፣ የጥቂቶቹ ጠባይ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየሳሳ ይሄዳል። ዛፍ ሳይቆረጥ ዝርያው ይጠፋል ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ በሳንታ ካታሊና ደሴት በአንድ ሸለቆ ብቻ የሚበቅል አነስተኛ ዛፍ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሰባት ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። ፍየልና አሳማ እንዳይደርሱበት በአጥር ተከለለ። ይሁን እንጂ በ1989 የታተመ ጥናት ዛፉ በደሴቲቱ ከበዛው ዘመዱ ጋር መዳቀሉን አመለከተ፤ ብናኙን የሚያመጣው ነፋስ ስለሆነ አጥሩ ሊያግደው አልቻለም። ድቅሉን ከንጹሑ በዓይን መለየት አዳጋች ስለሆነ፣ ችግኝ ከመትከል በፊት በቤተ ሙከራ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለዚህ የባንኳሌው ዘንባባ ዘር መሰብሰብ ያለበት ከሸለቆው ነው። በከተማ ሲተከልም በአቅራቢያው የቻይና ዘንባባ አለመኖሩ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል።