እፍ የሚባለው ወርቅ

ካርቱም ውስጥ ወርቅ የሚሸጥበትን ቦታ የማያውቅ አልነበረም። ሱቅ አል-ዐረቢ ገብቶ «የወርቅ ሕንፃው የት ነው?» ያለ ሰው ሁለተኛ ሳይጠይቅ ይደርስ ነበር፤ ሠርግ የደረሰበት ቤተሰብ ሁሉ መንገዱን ያውቀው ነበር። ወርቅ የሚገዛበትን ጓዳ ያየ ግን ጥቂት ነው። ስሙን በማልጠራው፣ ከዚያ ሕንፃ ውጭ በነበረ አንድ ወርቅ ቤት፣ ሚዛንና ማቅለጫ ብቻ በሚይዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከድንበር ለሚመጡ ሻጮች አስተርጓሚ ነበርኩ። እንግዲህ ጠጋ በሉ። ሰው ነጋዴው የሚያተርፈው ከዋጋው ይመስለዋል። ዋጋውንማ ሻጩም ያውቀዋል፣ ስልኩ ላይ አለ። ትርፉ ያለው «ይሄ ቆሻሻ ነው» ተብሎ ወደ ጎን በሚገፋው ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከተራራ ሥር ነው። ከዳማዚን ወደ ላይ በፋዞግሊ፣ ድንበሩ ለሁለት በከፈለው ኩርሙክ፣ ወዲህ ደግሞ በሸርቆሌና በአሶሳ ዙሪያ፣ ክረምቱ አልፎ ጅረቱ ሲጎድል ሴቶች ገበቴ ይዘው ይወርዳሉ። የሚዝቁት አፈር ከየትም አይደለም፤ ጅረቱ ከሚታጠፍበት ውስጠኛ ዳር፣ ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባ፣ ከአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ውሃው ጉልበቱ የደከመበት ቦታ ላይ ቀድሞ የሚወድቀው ወርቁ ነው። ገበቴውን እያዞሩ ቀላሉን ደጋግመው ያፈሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ከሥሩ አንድ ቁንጥር ጥቁር አሸዋ ይቀራል፣ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን። ቢጫው ያለው እሱ ውስጥ ነው። እስከዚህ ድረስ አጣቢዋን የሚያጭበረብራት የለም።

ፈረንጅ ይህንኑ ሥራ ለመዝናኛ ያደርገዋል። ፊንላንድ ታንካቫራ በሚባል ቦታ ውድድር ሁሉ ይካሄድበታል፤ ባልዲ ሙሉ አሸዋ ውስጥ ስንት የወርቅ ቅንጣት እንደተቀበረ ዳኛው ያውቃል፣ ተወዳዳሪው አያውቅም። ለጠፋችው ለእያንዳንዷ ቅንጣት የቅጣት ደቂቃ ይጨመርበታል። እኛ ጓዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ዳኛ አልነበረም።

ሻጯ ወርቋን በመድኃኒት ብልቃጥ ወይም በጨርቅ ቋጥራ ታመጣለች። ገዢው ሰሐን ላይ ይዘረግፈዋል። በወረቀት የጠቀለለውን ማግኔት ያዞርበታል፣ ጥቁሩ ይነሣል። ቀጥሎ ጎንበስ ይልና እፍ ይላል። ይህች እፍታ ሙያ ናት፦ ከጎን፣ ሳይቸኩል፣ ሰሐኑን በጣቱ መታ መታ እያደረገ። «ያ ሓጃ፣ ምን ላድርግ፣ አፈር እኮ ነው» ይላል፣ አንጀቱ የተላወሰ መስሎ። አልዋሸም፤ አብዛኛው አፈር ነው። ግን እንደ ዱቄት የላመው ወርቅም አብሮ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ጨርቅ ላይ ያርፋል። ያ ጨርቅ ለምን እንደማይራገፍ የጠየቀ ሻጭ አላየሁም። ጊዜው ሲደርስ ጨርቁ ከወለሉ ጥራጊ ጋር ይቃጠላል፤ አመዱና ማግኔቱ የሰበሰበው ጥቁር አሸዋ እንደገና ይታጠባል፣ የወጣው ይቀልጣል። የቤቱ ሠራተኞች ደመወዝ ከዚያ እንደሚወጣ ጌታው ራሱ እየሳቀ ያወራ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ነው። የቀለጠው ወርቅ መጀመሪያ በአየር፣ ቀጥሎ በክር ተንጠልጥሎ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይመዘናል። 10 ግራም ንጹሕ ወርቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ግራም ገደማ ይቀልለዋል። ከዚያ በላይ ከቀለለ ብር ወይም መዳብ ተደባልቆበታል ማለት ነው፤ ካራቱ ይወርዳል። ስሌቱ ንጹሕ ነው። ታዲያ ወርቁ ላይ የተለጠፈች አንዲት የአየር አረፋ ብትኖር ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ሚዛኑ ሳይዋሽ ካራቱ ይወርዳል። የነቃ ሻጭ «ነቅነቅ አድርገው» ይላል። ያልነቃው ስለ ቁጥሩ ይከራከራል፣ በቁጥሩ ደግሞ ማንም አያሸንፍም።

በሱዳን በረሃ ያለው ኪሳራ ከዚህ የገዘፈ ነው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 አብዛኛውን ነዳጅ ይዛ ስትለይ ካርቱም ፊቷን ወደ ወርቅ አዞረች፤ በ2012 የወርቅ ማጣሪያ ተከፈተ። ወደ አቡ ሐመድ በረሃና በዳርፉር ወዳለው ጀበል ዓሚር ሕዝብ ጎረፈ። እዚያ ድንጋዩ ተፈጭቶ በባዜቃ ይያዛል፤ ባዜቃው ግን ብዙውን ወርቅ ይስተዋል። የተረፈውን ዝቃጭ «ከርታ» ይሉታል። ቆፋሪው በርካሽ ሸጦት ይሄዳል፤ ኩባንያዎች በሳያናይድ እንደገና አጥበው ዋናውን ወርቅ ያወጡበታል። የባዜቃው ጭስ ግን የቆፋሪው ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

የጥንቶቹ ባለሥልጣናትም ቢሆኑ የሚያዩት ተራራውን እንጂ ዝቃጩን አልነበረም። የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዓሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት የፈለገው ባሪያና ወርቅ ነበር፤ ካርቱምም የተቆረቆረችው በዚያው ዘመቻ ማግስት ነው። በ1838 ዮሴፍ ሩሴገር የተባለ ኦስትሪያዊ የማዕድን ሊቅ እስከ ቤኒ ሻንጉል ወጥቶ መረመረለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓሻው ራሱ፣ ሰባ ሊሞላው ሲል፣ ከግብፅ ተነሥቶ ፋዞግሊ ድረስ መጣ። ያለመውን ሀብት ግን አላገኘም። ከእሱ በኋላ የአሶሳው ሼኽ ኾጀሌ ለምኒልክ ግብሩን በወርቅ ሲከፍል፣ ያ ወርቅ የታጠበው በእነዚያው ጅረቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የድንበር ውል ቤኒ ሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል የቀረውም ምኒልክ የወርቁን ነገር ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ የወርቅ ገበያው ተዘረፈ። ነጋዴዎቹ ፖርት ሱዳን፣ አትባራ፣ ካይሮ ተበተኑ፤ እፍታውንም ይዘውት ሄደዋል ብዬ እገምታለሁ። በእኛ በኩል ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብሔራዊ ባንክ የሚከፍለው ስለጨመረ ብዙ ወርቅ ወደ ባንክ መጥቷል።

ለማንም ብትሸጡ፣ ወርቃችሁን ቤታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ራሳችሁ ንፉት። የገዢው ማግኔት ያነሣውን ጥቁር አሸዋም «የኔ ነው» ብላችሁ ተቀበሉ። ቅር ካለው ሌላ ገዢ ጋ ሂዱ።