70 ቀን ያለ ፀሐይ፣ ያለ ስልክ፦ የኒውክሌር ሚሳኤል የተሸከሙ ሰርጓጅ መርከቦች

ሜክሲኮ አደባባይ ወርዳችሁ ወደ አፍሪካ ኅብረት ስታቀኑ ከሩቅ የሚታያችሁ የኅብረቱ ሕንፃ ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው። አሜሪካ ያሏት "ኦሃዮ" የሚባሉት ሰርጓጅ መርከቦች ደግሞ እያንዳንዳቸው 170 ሜትር ይረዝማሉ። አንዷን ከሕንፃው ጎን ቀጥ አድርገን ብናቆማት በ70 ሜትር ትበልጠዋለች። ይህን የምታክል መርከብ ግን ባሕር ውስጥ ከገባች በኋላ የት እንዳለች ከጥቂት ሰዎች በስተቀር ማንም አያውቅም።

ዛሬ ስለነዚህ መርከቦች እንነግራችኋለን። ወደ ሜክሲኮም እንመለሳለን፤ መርከቦቹን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ትልቅ ውል በአደራ የተቀመጠው እዚያው አጠገብ ነውና። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ለመሆኑ ለምን ተፈለጉ?

በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ አሜሪካም ሶቪየት ኅብረትም አንድ ዓይነት ስጋት ነበራቸው። መሬት ላይ የተተከለ ሚሳኤል ቦታው ይታወቃል። ጠላት ቀድሞ ከመታው በቃ፣ አለቀ! ባሕር ውስጥ የተደበቀውን ግን ቀድሞ መምታት አይቻልም። ስለዚህ "ብትመታኝም ከባሕር ሆኜ እመታሃለሁ" ለማለት ተፈለጉ። ሥራቸው ማስፈራራት ነው፤ ከተኮሱ ሥራቸው ከሽፏል ማለት ነው።

ሶቪየት ኅብረት በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰርጓጅ መርከብ ባሊስቲክ ሚሳኤል ተኮሰች። ያኔ ግን መርከቧ ለመተኮስ ከውሃው በላይ ብቅ ማለት ነበረባት። ጁላይ 20 ቀን 1960 የአሜሪካዋ "ጆርጅ ዋሽንግተን" እዚያው ጠልቃ እንዳለች ሚሳኤል አስወነጨፈች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሚሳኤሎቿን ጭና የመጀመሪያውን የ66 ቀን ጉዞ ጀመረች።

ዛሬ እንዲህ ያሉ መርከቦች ያሏቸው አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይናና ሕንድ ናቸው። አሜሪካና ብሪታንያ የሚጠቀሙበት "ትራይደንት" ሚሳኤል ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ለንደን እንኳ 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

🔹 ውስጧ ምን ይመስላል?

አንዲት "ኦሃዮ" 155 ያህል ሰው ትይዛለች፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። አንዱ ጉዞ 70 ቀን ገደማ ይፈጃል። ለእያንዳንዷ መርከብ "ሰማያዊ" እና "ወርቃማ" የሚባሉ ሁለት ቡድኖች አሉ። አንዱ ሲመለስ ሌላው ይተካል፤ መርከቧ ብዙ አታርፍም።

የኒውክሌር ሪአክተሯ ለዓመታት ነዳጅ አይጠይቅም። ከባሕሩ ውሃ ጨዉን አስወግደው ይጠጣሉ፤ ከዚያው ውሃ ላይ በኤሌክትሪክ ኦክሲጅን ለይተው ይተነፍሳሉ። ታዲያ ወደ ወደብ የሚመልሳቸው ምንድን ነው? ምግብ! አትክልትና ፍራፍሬው ቶሎ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የታሸገና በረዶ ቤት የከረመ ነው የሚበሉት።

መስኮት የለም፣ ፀሐይ የለም። የሚተኙት በሚሳኤል ማስወንጨፊያዎቹ መሃል በተሠሩ ጠባብ ክፍሎች፣ ሦስት ሦስት ሆነው በተደራረቡ አልጋዎች ላይ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ዝምታው ሳይሆን አይቀርም። ድምፅ በውሃ ውስጥ ሩቅ ስለሚሄድ ኮሽታ ሁሉ ይጠበቃል። ወደ ውጭ መልእክት መላክም ያሉበትን ስለሚያጋልጥ በአብዛኛው መቀበል ብቻ ነው። ብሪታንያውያኑ ከቤተሰብ በየሳምንቱ በቃላት ብዛት የተገደበ አጭር መልእክት ይደርሳቸዋል፤ መልስ መስጠት ግን አይችሉም።

ቤት ውስጥ ሰው ቢሞትስ? እኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጊዜ ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። እነሱ ደግሞ ከመሄዳቸው በፊት ይጠየቃሉ፦ "ክፉ ዜና ቢመጣ እዚያው ይነገርህ ወይስ ስትመለስ?" እዚያው ቢነገረውም ለቀብር የሚመልሰው የለም።

🔹 ድብብቆሹ ሲበላሽ

ፌብሩዋሪ 2009 ላይ የብሪታንያዋ "ቫንጋርድ" እና የፈረንሳይዋ "ለ ትሪዮምፋን" አትላንቲክ ውስጥ ተጋጩ። ሁለቱም የኒውክሌር መሣሪያ ተሸካሚዎች፣ አገሮቻቸውም ወዳጆች ናቸው። ጎበዝ ተደባቂዎች ስለሆኑ አንዷ የሌላዋን መኖር አላወቀችም! ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

ኦክቶበር 1986 ግን እንደዚያ አልነበረም። የሶቪየቷ "ኬ-219" ቤርሙዳ አካባቢ ሳለች አንዱ የሚሳኤል ክፍሏ ፈነዳ። ሪአክተሩ አልጠፋ ሲል ሰርጌይ ፕሬሚኒን የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ገብቶ በእጁ አጠፋው። ከጨረሰ በኋላ የአየሩ ግፊት በሩን አላስከፍት ስላለው እዚያው ሞተ። መርከቧም ከነሚሳኤሎቿ ሰጠመች።

🔹 ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባን?

አሁን ወደ ሜክሲኮ እንመለስ። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ብላ ከኢትዮጵያ ጎን ስለቆመች ነው። ይህችው ሜክሲኮ በ1967 ላቲን አሜሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ያደረገውን ውል በግንባር ቀደምትነት መራች። ዲፕሎማቷ አልፎንሶ ጋርሲያ ሮብሌስም በ1982 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከስዊድናዊቷ አልቫ ሚርዳል ጋር ተጋርተዋል። ኢትዮጵያም ብትሆን በ1961 የተባበሩት መንግሥታት የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀምን እንዲያወግዝ ካደረጉት ግንባር ቀደም ነበረች።

የአፍሪካው ተመሳሳይ ውል ፔሊንዳባ ይባላል። በ1996 ካይሮ ላይ ተፈረመ፤ በ2009 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ አባል ናት፤ የውሉ ባለአደራ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ነው። በአባል አገራት ምድር የኒውክሌር መሣሪያ መሥራት፣ መያዝ፣ ማስቀመጥ፣ መሞከር ክልክል ነው።

ግን ሁለት ክፍተቶች አሉ። አንደኛ፣ የውጭ መርከብ ወደብ ላይ እንዲያርፍ መፍቀድም መከልከልም ለየአገሩ ተትቷል። ሁለተኛ፣ ውሉ በዓለም አቀፉ ባሕር ላይ ያለውን የመተላለፍ ነፃነት አይነካም። በአጭሩ፣ አፍሪካ ምድር ላይ ማስቀመጥ የተከለከለው ሚሳኤል ከባሕር ዳርቻዋ ራቅ ብሎ፣ ጠልቆ ቢያልፍ ሕግ አልተጣሰም። ቢያልፍስ ማን ያየዋል? የተሠራው እንዳይታይ ነው።

በደርግ ዘመን የሶቪየት ባሕር ኃይል ዳህላክ ደሴቶች ላይ ጣቢያ እንደነበረው ለሚያስታውስ፣ ኃያላን ቀይ ባሕርን መፈለጋቸው አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ስለ ባሕር በር ብዙ ይወራል። በባሕሩ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ ግን ብዙም ሲወራ አንሰማም።

አንዲት አፍሪካዊት አገር እንዲህ ያለች መርከብ ወደቧ ላይ እንድታርፍ ብትጠየቅ ምን ትመልስ? የምትሉትን ጻፉልን። 👇