የእግረኛ ከተማ፣ የመኪና መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። የግል መኪና ያለው ጥቂት ሰው ሆኖ ሳለ ከተማዋ ለአሥርተ ዓመታት የተሠራችው ለዚያው ለጥቂቱ ነው። ቀለበት መንገድን ያየ ይመሰክራል። ግንቡና አጥሩ ሰፈርን ከሰፈር ለያይቷል፤ ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ለመሻገር መጀመሪያ ድልድይ ፍለጋ መሄድ ግድ ነው። ትዕግሥቱ ያለቀ አጥር ይዘላል፤ ከዚያ «እግረኛው ሥርዓት የለውም» ይባላል።

መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የእግረኛውን ሸክም ያቃልላል ተብሎ ነበር። በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት፤ ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። ሐዲዱም መሬት ለመሬት በሚሄድበት ሁሉ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ለእግረኛው ሌላ አጥር ሆነበት።

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» መጣ፤ እሑድ ጠዋት አስፋልቱ ለተወሰነ ሰዓት ለሯጭ፣ ለልጆችና ለብስክሌት ይለቀቅ ጀመር። ሰኞ ሲነጋ ግን መንገዱ ያው የመኪና ነው።

ትልቁ ለውጥ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ዋና ዋና መንገዶችን ከነእግረኛና ብስክሌት መስመራቸው እንደገና የሚሠራው የኮሪደር ልማት ነው። ጥሩውን ጥሩ እንበል። ድሮ ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚወርድ ሰው ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የአሸዋ ክምርና የቆመ መኪና እየሸሸ አስፋልት ላይ ይወጣ ነበር። ዛሬ እናት የልጅ ጋሪ እየገፋች፣ ሽማግሌ አግዳሚ ላይ አረፍ እያለ ያመሻል። የብስክሌት መስመሩ አሁንም ጭር ያለ ነው፤ የአዲስ አበባ ዳገት ጉልበት ይጠይቃል።

ነገር ግን የእግረኛ መንገዱ የተዘረጋው ብዙ እግረኛ ከተነሣበት ቦታ ላይ ነው። መሃል ከተማ ካዛንቺስ ይኖር የነበረ ሰው ከቤቱ እየተራመደ ሥራ ይገባ ነበር፤ ሰፈሩ ለልማቱ ፈርሶ ከተማዋ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሲዛወር የታክሲ ሰልፈኛ ሆነ። የመጓጓዣ ጉዳይ መንገድ ብቻ ሳይሆን ቤትም ነው፤ በእኔ እምነት የኮሪደሩ ትልቁ ጉድለት ይህን መዘንጋቱ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉስ? ጭሱን ይቀንሳል፤ ቦታውን ግን አያስለቅቅም። የኤሌክትሪክ መኪናም መስቀል አደባባይ ላይ ተሰልፎ ሲቆም የሚይዘው ያንኑ ስፋት ነው። ቦታ የሚያስለቅቀው አውቶቡስ ነው፤ ከዊንጌት እስከ ጀሞ የታቀደው የፈጣን አውቶቡስ መስመር ግን ለዓመታት ሲጓተት ኖሯል።

ባለሥልጣናቱ የሚቀጥለውን ኮሪደር ሲያስመርቁ የአስፋልቱን ስፋት ይተዉትና ከገላን ጉራ ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣ ሠራተኛ ካዛንቺስ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ይንገሩን።