ከተጠባባቂ ወንበር ወደ አሠልጣኝነት

«ጥሩ ተጫዋች የሆነ ሁሉ ጥሩ አሠልጣኝ ይሆናል፤ መጫወት ያልሆነለት ግን ማሠልጠንም አይችልም» የሚለው አስተያየት በመካከላችን የተለመደ ነው። ከዚህም የተነሣ ከመሥመር ውጭ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ፣ የመጫወቻ ዘመኑ ሲያልፍ ከስፖርት ጋር ያለው ግንኙነት ሁሉ ያበቃ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መጫወትና ማሠልጠን ሁለት ልዩ ልዩ ሙያዎች ናቸው። ይህንንም በሦስት ሰዎች ሕይወት እንመልከት።

የመጀመሪያው ከሩቅ አገር ነው። አሜሪካውያን ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታ አንድ ወርዋሪ ኳሷን ዱላ ለያዘው ባላጋራ ይወረውራል። ክንዱ ሲደክም ወይም ውርወራው አልሳካ ሲለው፣ ዳር ሆኖ ሲጠባበቅ የቆየ ሌላ ወርዋሪ ይተካዋል። ቶሚ ላሶርዳ በትልቁ ሊግ አብዛኛውን ጊዜ የተጫወተው በዚህ ዓይነት ተተኪነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1956 ድረስ የተሰለፈው በ26 ጨዋታዎች ብቻ ሲሆን፣ 4 ሽንፈት ተመዝግቦበት አንድም ድል አልተመዘገበለትም። በ1955 ቡድኑ ብሩክሊን ዶጀርስ፣ ሳንዲ ኩፋክስ ለሚባል ወጣት ወርዋሪ ቦታ ሲያስለቅቅ ላሶርዳን ወደ ታችኛው ሊግ ሰደደው። ኩፋክስም በጨዋታው ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ።

ላሶርዳ ግን አኩርፎ አልሄደም። መወርወሩን ሲተው በየከተማው እየዞረ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመለምል ሠራተኛ ሆነ፤ ቀጥሎ በታችኛው ሊግ አሠልጣኝ፣ ከዚያም የዋናው ቡድን ረዳት ሆነ። በ1976 ዋናውን ቡድን ተረክቦ እስከ 1996 ሲመራ፣ በ1981 እና በ1988 የአሜሪካን ታላቅ ዋንጫ አስገኘ። ልብ በሉ፤ መወርወሩን ከተወ በኋላ ዋናውን ቡድን እስኪረከብ ድረስ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በትምህርት አሳልፏል። ያስተማረው ወንበሩ ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያኮርፍም ብዙ ነው። ያስተማረው ማየቱና ከዝቅተኛው ሥራ መጀመሩ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። እሳቸው እንኳ የተጠባባቂ ወንበር ሰው አልነበሩም፤ በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለብዙ ዓመታት ዝነኛ ተጫዋች ነበሩ። ዳሩ ግን በዝናቸው ላይ አልተኙም። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ቀን ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ በተጨማሪው ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአፓርታይድ መንግሥት የነበረባት ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ የተባረረችውም፣ የአፍሪካ የዓለም ዋንጫ ተሳታፊዎች ቁጥር በ1974 ዓ.ም. ከአንድ ወደ ሁለት ያደገውም በሳቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን ነው። ይህ ሁሉ በእግር የተሠራ ሥራ አይደለም፤ በስብሰባ፣ በደብዳቤና በክርክር የተሠራ ነው።

ሦስተኛው መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። በዚያው በ1954 ዓ.ም. የፍጻሜ ጨዋታ አራተኛዋን ጎል ያገቡት እሳቸው ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን በአሠልጣኝነት ይዘው ወደ ሊቢያ ሄዱ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከአልጄሪያ ጋር ግን ያለ ጎል ተለያዩ። ይህችው አልጄሪያ ከጥቂት ወራት በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈች ናት። እንግዲህ በጎል አግቢነት የታወቀ ሰው በአሠልጣኝነቱ በዚያ ውድድር ያገኘው ነጥብ ጎል ባለማስገባት የተገኘ መሆኑ ያስተምራል። አሠልጣኝ የራሱን እግር ለሌላ ሰው ሊያውስ አይችልም፤ ባሉት ልጆች እግር መሥራት አለበት።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚደርስ ሰው በየመስኩ ኳስ የሚያባርሩ ልጆችን ያያል። በዚህ ደጋ አየር የሚሮጥ ልጅ ሳንባው የጠነከረ ነው። የሚጎድለው የሚያየው ሰው ነው። ልጁ ግራ እግሩን መጠቀም እንዳለበት ወይም ያለቦታው እንደተሰለፈ የሚነግረው ካላገኘ፣ ጥቂት ዓመት ሮጦ ይተወዋል፤ ማን እንደነበረም ማንም ሳያውቅ ይቀራል።

ስለዚህ በየፋኩልቲው ቡድን ያልተሰለፋችሁ ጓደኞቼ ሆይ፣ ወንበሩን አትናቁት። ደብተር ያዙ፤ ጎሉ ከየት መጣ፣ ማን ደከመ፣ ማን ቦታውን ለቀቀ የሚለውን ጻፉ። የጨዋታውን ሕግ አጥኑ፤ ፊሽካ ይዛችሁ የልጆችን ግጥሚያ ዳኙ። በክረምት ወደየአገራችሁ ስትመለሱ አንድ የሰፈር ቡድን ተረከቡ። ላሶርዳን ያስመለጠው በር ለሁላችንም ክፍት ነው፤ ነገር ግን የሚገባበት ጎንበስ ብሎ ነው።