የታንድራ ካርታ ቀን ይጻፍበት

በሰሜን አላስካ የሚገኘው ኮልቪል ወንዝ ከብሩክስ ተራሮች ተነሥቶ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አርክቲክ ውቅያኖስ ይገባል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረቦች ሽሬደርና ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ1901 ተራሮቹን አቋርጠው ወንዙን ይዘው እስከ ባሕሩ ወርደዋል፤ እንዲህ ያለ ጉዞ ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ብዙ አያሳይም። ቀሪውን የሞላው በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ፎቶግራፍ ነው፤ አንድ ቦታ ከሁለት ማዕዘን ሲነሣ ጥንዱ ምስል ከፍታን ይናገራል። ሥራው ትልቅ ነበር። ሆኖም በብዙዎቹ የአላስካ ካርታዎች ላይ አንዱ የከፍታ መስመር ከሌላው የሚለየው በ50 ወይም በ100 ጫማ ነው። ለተራራ ይበቃል፤ ዛፍ በማይበቅልበት ቀዝቃዛ የታንድራ ሜዳ ላይ ግን ቁም ነገሩ በሁለቱ መስመሮች መካከል ሾልኮ ይቀራል።

ምክንያቱ ከሥር ያለው በረዶ ነው። በብርዱ ወራት መሬቱ ይሰነጠቃል፤ በጸደይ የቀለጠ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በረዶ ይሆናል፤ ይህ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲደጋገም ወፍራም የበረዶ ሽብልቅ ይሠራል። ሽብልቁ አፈሩን ወደ ጎን ገፍቶ ጠርዝ ያወጣል። ጠርዙ በሽብልቆቹ መካከል ካለው መሬት የሚበልጠው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ ነው፤ ውሃው ይተኛ ወይስ ይፍሰስ የምትወስነው ግን ያቺው ልዩነት ናት። ሽብልቁ ሲቀልጥ ጠርዙ ሰምጦ ቦይ ይሆናል። በወንዙ ዳርም ጎርፉ በረዶውን ከሥር ያቀልጥና የተንጠለጠለው አፈር በሽብልቁ መስመር ተገምሶ ይወድቃል። ስለዚህ ቀን ያልተጻፈበት የታንድራ ካርታ ግማሽ ካርታ ነው ባይ ነኝ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የዋልታ ጂኦስፓሻል ማዕከል የሚያሰራጨው አርክቲክዴም የተባለው የከፍታ ካርታ ከሳተላይት ጥንድ ምስሎች በየ2 ሜትሩ ከፍታ ያወጣል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን ጥራቱ ሳይሆን የአንዱን ዓመት ከፍታ ከሌላው ቀንሶ የሰመጠውን ማሳየቱ ነው።

«ሰው በሌለበት ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ሰውማ አለ፤ በኮልቪል ደልታ አጠገብ ባለችው ኑይክሱት የሚኖሩት ኢኑፒያቶች ዓሣ የሚያጠምዱትም የሚያድኑትም በዚሁ ምድር ነው። «ሳተላይቱ ካለ ቀያሽ ለምን?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። ሳተላይቱ የሚለካው መሬቱን የሸፈነውን የበረዶና የቁጥቋጦ አናት ነው፤ የወንዙን ወለል አያይም፤ ከታወቀ ነጥብ ጋር ካልተሳሰረም ከፍታው በሜትሮች ሊስት ይችላል። ያን ነጥብ መትከልም የዋዛ አይደለም። በጋ በጋ በሚቀልጠው የላይኛው አፈር ብቻ የተተከለ ችካል፣ አፈሩ በረዶ በሆነ ቁጥር ወደ ላይ እየተገፋ ይወጣል፤ ስለዚህ ዘንጉ ከማይቀልጠው ንብር ድረስ ጠልቆ መቀርቀር አለበት።