ሸክምና ሚዛን፤ ስለ ክብደት ማንሣት ስፖርት አጭር መግለጫ



ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ ሰው የዓባያን ሐይቅ በስተቀኙ እያየ ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ይገባል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሙዝ ማሳ ነው። በብርብር ወይም በዋጅፎ መኪና ቆሞ ሙዝ ሲጫን ያየ ሰው ጫኝና አውራጆቹን ሳያስተውል አያልፍም። ከባዱን ዘለላ ከመሬት አንሥተው ትከሻቸው ላይ ያወጣሉ፤ ከመኪናው ላይ ላለው ያቀብላሉ፤ ተመልሰውም ሌላውን ያነሣሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የዚያው አገር ልጅ ነኝና ይህን ሥራ በክረምት ዕረፍት ሠርቼዋለሁ። በዚያን ጊዜ ጉልበት ማለት ብዙ መሸከም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ አሳቤ የመለሰኝ አንድ የሰፈራችን ጓደኛ የደረሰበት ነገር ነው። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ወጣቶች ሁለት ባዶ የቀለም ጣሳዎችን በሲሚንቶ ሞላንና በውኃ ቧንቧ አገናኝተን «ብረት» ሠራን። ጓደኛዬም ሰው ሁሉ እያየው ጀርባውን አጉብጦ በአንድ ጊዜ መነጨቀው። ብረቱ ተነሣ፤ ልጁ ግን ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ለሁለት ወር ያህል ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አልቻለም። ኋላ ጣሳዎቹን በነጋዴ ሚዛን ብንመዝናቸው አንደኛው ከሌላው በአራት ኪሎ ይበልጥ ኖሯል። እኛ ጉልበት እንጂ ሚዛንም ብልሃትም አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም ሌላው ወንድማችን ወይም እኅታችን በዚህ መንገድ እንዳይጎዱ በማሰብ ነው።

ክብደት ማንሣት ምን ዐይነት ስፖርት ነው? ያልን እንደሆነ፥ ከዘመናዊው የኦሊምፒክ ጨዋታ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ላይ በአንድ እጅና በሁለት እጅ የማንሣት ውድድር ነበረበት። ለብዙ ዓመታት ውድድሩ በሦስት ዐይነት አነሣሥ ሲካሄድ ቆይቶ፥ ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ በኋላ አንደኛው ቀረና ሁለቱ ጸኑ። ሴቶችም በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በሲድኒ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ መድረክ ተወዳደሩ።

ከሁለቱ አነሣሦች የመጀመሪያው ስናች ይባላል። ተወዳዳሪው ዘንጉን በሰፊው ይጨብጥና ከመሬት አንሥቶ እስከ አናቱ በላይ ድረስ ሳያቋርጥ በአንድ እንቅስቃሴ ያደርሰዋል። ሁለተኛው ክሊን ኤንድ ጀርክ ይባላል፤ ይኸኛው በሁለት ክፍል ይፈጸማል። በመጀመሪያ ዘንጉ ከመሬት ተነሥቶ በትከሻና በደረት ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ተወዳዳሪውም ቁጢጥ ካለበት ቀና ብሎ ይቆማል። ቀጥሎ ጉልበቱን ጥቂት ሸብረክ ያደርግና በእግሩ ኃይል ዘንጉን ወደ ላይ አስፈንጥሮ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በዚህ በሁለተኛው አነሣሥ ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት ይነሣል።

ዋናው ምሥጢር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ክብደት የሚነሣው በክንድ ይመስለዋል። ነገር ግን ክንድ እንደ ገመድ አያያዥ ብቻ ነው፤ ኃይሉ የሚመጣው ከእግርና ከዳሌ ነው። ተወዳዳሪው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፥ ዘንጉን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ፥ መሬቱን በእግሩ እንደሚገፋ ሆኖ ይነሣል። ዘንጉ ከሰውነት በራቀ መጠን በወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበረታል፤ ጓደኛዬን የጎዳውም ይኸው ነበር። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከባድ ክብደት እስከ አናት ድረስ ተስቦ የሚወጣ አይደለም። ዘንጉ በፍጥነት ጥቂት ከፍ እንዳለ ሰውዬው በቅጽበት ቁጢጥ ብሎ ከሥሩ ይገባለታል። ስለዚህ ጥሩ ክብደት አንሺ ብረቱን ወደ ላይ የሚያነሣውን ያህል ራሱን ወደ ታች ያወርዳል። ለዚህም ፍጥነት፥ የቁርጭምጭሚትና የትከሻ መለስለስ፥ እንዲሁም የብዙ ወራት ልምምድ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ቱርካዊው ናኢም ሱሌይማኖግሉ በ60 ኪሎ ምድብ ተወዳድሮ 190 ኪሎ ያነሣው፥ ይኸውም ከራሱ ክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፥ በጡንቻ ብዛት ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ውድድሩ ሕግ እንለፍ። ተወዳዳሪዎች በሰውነታቸው ክብደት በምድብ በምድብ ይከፈላሉ፤ ከውድድሩም በፊት ይመዘናሉ። መድረኩ በየጎኑ አራት ሜትር ነው። የወንዶቹ ዘንግ 20 ኪሎ፥ የሴቶቹ 15 ኪሎ ይመዝናል። ክብ ብረቶቹ ከሩቅ እንዲለዩ በቀለም ተለይተዋል፤ 25 ኪሎው ቀይ፥ 20ው ሰማያዊ፥ 15ቱ ቢጫ፥ 10ሩ አረንጓዴ ነው። ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ። አነሣሡ የተስተካከለ ከሆነ ነጭ መብራት፥ ካልሆነ ቀይ መብራት ያበራሉ፤ የሁለቱ ፍርድ ይጸናል። ክንድ በተሟላ ሁኔታ ሳይዘረጋ ቀርቶ ኋላ በግፊት ቢቃና፥ ጉልበት መሬት ቢነካ፥ ወይም የማውረጃው ምልክት ሳይሰጥ ብረቱ ቢወርድ አይቆጠርም። አንሥቶ መወዛወዝም አይበቃም፤ ጸጥ ብሎ መቆም ግድ ነው።

እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በየአነሣሡ ሦስት ሙከራ አለው። ለምሳሌ አንድ ወጣት በስናች 60 ኪሎ አነሣ እንበል። በ65 ወደቀበት፤ ደግሞ ሞክሮ 65ቱን አነሣ። በክሊን ኤንድ ጀርክ 80ን፥ ቀጥሎም 85ን አንሥቶ በ90 ቢሸነፍ፥ ከየአነሣሡ የሚያዝለት ትልቁ ብቻ ስለ ሆነ 65 እና 85 ተደምሮ ውጤቱ 150 ኪሎ ይሆናል። በአንጻሩ ጓደኛው ሊያስደንቅ ፈልጎ ስናቹን በ75 ቢጀምርና ሦስቱንም ጊዜ ቢወድቅበት፥ ድምር የሚባል ነገር የለውም። በዘንጉ ላይ የሚጫነው ክብደት እየጨመረ ይሄዳል እንጂ ለማንም ሲባል ወደ ኋላ አይመለስምና፥ «ይቀነስልኝ» ቢል የሚሰማው የለም። በእኔ አስተያየት የዚህ ስፖርት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ተወዳዳሪው መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስለ ራሱ ዐቅም ለራሱ እውነቱን መናገር አለበት። ብረት በአነጋገር አይታለልም፤ የማንንም ዘመድ አያውቅም።

ይህ ስፖርት የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ግብጽ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስተርዳም ሰይድ ኑሴር የወርቅ ሜዳይ አገኘ። አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር በወደቀችበት በ1936 ደግሞ፥ ናዚዎች የዘር የበላይነታቸውን ሊያሳዩበት ባሰናዱት በበርሊን ኦሊምፒክ ላይ፥ ኸድር ኤል ቱኒ የተባለ ሌላ ግብጻዊ በ75 ኪሎ ምድብ 387.5 ኪሎ አንሥቶ ሁለተኛ የወጣውን ጀርመናዊ በ35 ኪሎ በለጠው። ይህም ውጤት በዚያው ጨዋታ ከእርሱ በላይ ባለው ምድብ ካሸነፈው ሰው ድምር የሚበልጥ ነበር። በ2000 የናይጄሪያዋ ሩት ኦግቤይፎ በሲድኒ የብር፥ በ2024 የግብጿ ሣራ አሕመድ በፓሪስ የወርቅ ሜዳይ ተቀብለዋል።

ስለ ስፖርቱ መልካሙን ብቻ መናገር ግን እውነትን መክፈል ይሆናል። ክብደት ማንሣት በተከለከሉ መድኃኒቶች ምክንያት ስሙ በእጅጉ የጎደፈ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጠኝ አገሮች፥ ከእነዚህም መካከል ሩሲያና ቻይና፥ በዚህ ጥፋት ለአንድ ዓመት ታግደዋል። ስለዚህ ጓደኞቼ፥ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ወይም መርፌ «ቶሎ ያበረታሃል» ብሎ የሚያቀርብላችሁን ሰው አትስሙ። ቶሎ የሚመጣ ኪሎ ኋላ በጤና የሚከፈል ዕዳ ነው።

ለመሆኑ ከባድ ነገር አንሥቶ መፈተን ለአካባቢያችን አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ በሚገኘው በኮንሶ፥ በየመንደሩ ሞራ በሚባለው አደባባይ ላይ ወጣቶች ለዐቅመ አዳም መድረሳቸውን ድቡልቡል ድንጋይ አንሥተው የሚያሳዩበት ልማድ አለ። እዚያም ቢሆን አንሺው በመንደሩ ሰው ፊት ነው፤ ድንጋዩም ለሁሉም አንድ ነው። ከስፖርቱ ጋር የሚያመሳስለውም ይህ ነው። የብርብሩን ጫኝ ከሁለቱም የሚለየው ግን የተሸከመውን የሚመዝንለትም ሆነ እንዴት እንደሚያነሣ ያስተማረው አለመኖሩ ነው። ሙዙ ይመዘናል፤ የሰውዬው ወገብ ግን አይመዘንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለመጀመር የሚፈልግ ተማሪ ብረት እስኪያገኝ መቆየት የለበትም። አንድ የመጥረጊያ እጀታ ይበቃዋል። በእርሱ አቀማመጡን፥ አነሣሡንና ከሥር መግባቱን ለሳምንታት ይለማመድ፤ የሚያውቅ ሰውም ከጎኑ ቆሞ ይረመው። የቤት ሥራ ብረት የሚጠቀም ደግሞ ሁለቱን ጣሳዎች አስቀድሞ በሚዛን ያስተካክል፤ ኪሎውንም በላያቸው ይጻፍ። ጀርባ መጉበጥ ሲጀምር ክብደቱ በዝቷል ማለት ነውና ይቀንስ። ማንም ብቻውን አይለማመድ።

ከሁሉም በላይ ግን፥ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የምትከታተሉ ጓደኞቻችን በመጪው ክረምት ወደየአገራችሁ ስትበተኑ ይህን ዕውቀት ከናንተ ጋር ይዛችሁ እንድትሄዱ አደራ እላለሁ። ሸክሙን ወደ ሰውነት ማስጠጋት፥ ጀርባን ማቃናት፥ በእግር መነሣት፥ ክብደት ይዞ ወገብን አለመጠምዘዝ፤ እነዚህን አራት ነገሮች ለአንድ ጫኝ ለማሳየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። በመድረክ ላይ ዘንጉን የሚያነሣው አንድ ሰው ቢሆንም፥ አነሣሡን ያስተማሩት ብዙዎች ናቸው። እኔም በመጪው ክረምት ብርብር ስገባ በመጀመሪያ የምፈልገው ያንን ወገቡን የታመመ ጓደኛዬን ነው፤ የመጥረጊያውን እጀታ ይዤለት እሄዳለሁ።