የቤንዚን ማጠራቀሚያ ክዳን፤ ትንሽ ዕቃ፣ ብዙ ኪሳራ

በመቀሌ ከተማ፣ በዓይደርና በአካባቢው እህልና ሸቀጥ ከሚያመላልሱት ፒክ አፖች መካከል ዕድሜያቸው የገፋው ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሰልባትዮአቸው በሞላ ጊዜ በኩርባና በዳገት ላይ ከክዳኑ ሥር ያንጠባጥባሉ። ባለቤቱም ነገሩን ንቆ አፉን በጨርቅ ወይም በፌስታል ወትፎ መንገዱን ይቀጥላል።

ሒሳቡ ሲሰላ ግን የሚናቅ አይደለም። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ በቀን ግማሽ ሊትር የሚያፈስ ክዳን በ30 ቀን 15 ሊትር፣ ይኸውም ከ1,500 ብር በላይ፣ በመንገድ ላይ ያስቀራል። ከገንዘቡም ይልቅ እሳቱ ያስፈራል። የቤንዚን ተን ከአየር የከበደ በመሆኑ በመሬት ላይ ይተኛል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚያህል ቅዝቃዜ እንኳ ክብሪት ካገኘ ይያያዛል። በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ደግሞ ከፋኖስ ክር አይለይም።

የማፍሰሱ ምክንያት ብዙ ጊዜ የክዳኑ የጎማ ቀለበት ነው። ጎማው በዘመን ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ነዳጅ በመጥፋቱ በትግራይ ብዙ መኪናዎች ቆመው ከርመዋል፤ ጎዶሎ ሆኖ በቆመ ሰልባትዮ ውስጥም እርጥበት የመሙያውን አፍ ያዝገዋል። በዛገ አፍ ላይ አዲስ ጎማ ቢደረግም አይገጥምም፤ አስቀድሞ ዝገቱን ማንሣት፣ የተጣመመውንም ጠርዝ ማቅናት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአየር መተንፈሻው ነው። የብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ሰልባትዮ የሚተነፍሰው በክዳኑ በኩል ሲሆን፣ በኋላ ዘመን የተሠሩት ግን የተለየ ቧንቧ አላቸው። መተንፈሻ የሌለው ድፍን ክዳን በአሮጌው ላይ ቢገጠም ቤንዚኑ ሲጎድል በምትኩ አየር አይገባም፤ ሞተሩ እየተንተባተበ ይጠፋል፤ መካኒኩም ካርቡራቶሩን በከንቱ ይፈታል። ክዳኑ ሲከፈት አየር በፉጨት ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ክዳኑን በምስማር መብሳትም መፍትሔ አይሆንም፤ ቤንዚኑ በቀዳዳው ይወጣልና።

ይህ ነገር በመቀሌ ነጋዴ ዘንድ ይበልጥ ይከብዳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጨው ምድር የሆነው የአፋር ዳናክል ግን ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ ጭኖ የሚወጣ መኪና የውጭው አየር ግፊት ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንስበታል፤ በሰልባትዮው ያለው ተንም ደካማውን ጎማ ገፍቶ ይወጣል።

እንግዲህ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ለደንበኛው የአፉን ስፋት ብቻ ለክቶ መሸጥ አይበቃውም። አሮጌውን ክዳን ተቀብሎ አገጣጠሙ በጥርስ ወይም በጥምዝምዝ መሆኑን፣ መተንፈሻ ያለው ወይም ድፍን መሆኑን ይመልከት። አስመጪውም ቢሆን ጎማው ቤንዚን የሚችል መሆኑን ከላኪው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የተፈጥሮ ጎማ በቤንዚን አብጦ ይበላሻልና። ቀለበቱን ለብቻው ማስመጣትም ደንበኛውን ከሙሉ ክዳን ዋጋ ያድነዋል።

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ያለ ቦታው የተገዛ ዕቃ ኪሳራው ከባድ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በዚያው ዓመት ከተከለከለ ወዲህም አሮጌውን መኪና በደኅና መያዝ ግድ ሆኗል። ትክክለኛውን ክዳን የሚሸጥ ሱቅ ደንበኛ ያተርፋል፤ ያልሆነውን የሚሸጥ ግን ዕቃውም ወቀሳውም ይመለስበታል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለባለመኪናም ለባለሱቅም ይሠራል።